ባንጋሎውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ለማስፋት ገንዘባችን ይበቃናል?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ እኔና ባለቤቴ ከሦስት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር በምሥራቅ ለንደን፣ ሮምፎርድ አካባቢ እንኖራለን። ቤታችን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ፣ ለብቻው የቆመ ባንጋሎው (ባለ አንድ ወለል ቤት) ነው። መኝታ ቤቱ ሦስት ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችን አንድ ክፍል ይጋራሉ፤ ወንዱ ሳሎን ያድራል። ከጣሪያው ሥር ሁለት መኝታ ቤትና አንድ መታጠቢያ ቤት ለማውጣት፣ ከኋላ ደግሞ ወጥ ቤቱን በአራት ሜትር ለማስረዘም አስበናል። በጠቅላላው 130,000 ፓውንድ ይኖረናል፤ 60,000ው የቆጠብነው ነው፣ 25,000ው ከእቁብ የሚደርሰን ነው፣ ቀሪው 45,000 በሞርጌጃችን (በቤት ብድራችን) ላይ የምናስጨምረው ብድር ነው። አንድ ኮንትራክተር ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና በአንድ ገጽ ወረቀት 118,000 ፓውንድ ዋጋ አቀረበልን። ከግርጌው «ቫትን አይጨምርም» የሚል ጽሑፍ አለበት። 12,000 ፓውንድ ስለሚተርፈን እንፈርም እያልን ነው። ምን ይመክሩናል? (ወ/ሮ ሰ.፣ ከሮምፎርድ)

መልስ፦ ወይዘሮ ሰ.፣ በዚህ ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። በ118,000 ፓውንዱ ላይ 20 በመቶ ቫት ሲታከልበት 141,600 ይሆናል። ይተርፈናል ያላችሁት 12,000 ፓውንድ ቀርቶ፣ ገና ሥራው ሳይጀመር 11,600 ፓውንድ ጎድሎባችኋል ማለት ነው።

ኮንትራክተሩ ሊያታልላችሁ አስቧል ማለቴ አይደለም፤ ቫትን ለይቶ መጻፍ በሙያው የተለመደ ነው። ስህተቱ የሚመጣው የኮንትራክተሩ ዋጋ የጠቅላላው ሥራ ዋጋ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ወረቀት የአርክቴክቱንና የመሐንዲሱን ክፍያ፣ ለሕንፃ ቁጥጥር የሚከፈለውን፣ የወጥ ቤቱን ካቢኔና ምድጃ፣ የወለል ንጣፉን፣ ለአዲሶቹ ክፍሎች አቅሙ የማይበቃውን ቦይለር (የውኃና የቤት ማሞቂያ) መቀየሪያ፣ ጣሪያው በሚከፈትበት ጊዜ ቤተሰቡ ሌላ ቦታ የሚያድርበትን ኪራይ ብዙውን ጊዜ አያካትትም። እነዚህ ሁሉ ከእርስዎ ኪስ የሚወጡ ናቸው።

ስለዚህ ሒሳቡን ከኮንትራክተሩ ዋጋ ሳይሆን ከራስዎ ገንዘብ ይጀምሩና እየቀነሱ ይውረዱ። ከ130,000ው መጀመሪያ የሚነሣው መጠባበቂያው ነው። የነባር ቤት ጣሪያና መሠረት እስኪከፈት ድረስ ምን እንደያዘ ስለማይታወቅ፣ በእኔ እምነት ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከ15 በመቶ ያነሰ መጠባበቂያ አይበቃም፤ ይህም 19,500 ፓውንድ ነው። የሚቀረው 110,500 ይሆናል። ለንድፍ፣ ለመሐንዲስ ስሌትና ለልዩ ልዩ ፈቃዶች 10,000 ሲነሣ 100,500 ይቀራል። ለወጥ ቤት ዕቃ፣ ለወለልና ለቀለም 15,000 ሲነሣ ደግሞ 85,500። ከዚህ ውስጥ የኮንትራክተሩ ቫት ሲወጣ፣ ማለትም ለ1.2 ሲካፈል፣ 71,250 ፓውንድ ይቀራል። የ10,000ውና የ15,000ው ግምት የእኔ ስለሆነ ትክክለኛውን ዋጋ ሲያገኙ ይተኩት። ነገር ግን ግምቱን ቢያሻሽሉትም 71,250ው 118,000 ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ጊዜ ማሠራት አይችሉም። በአንድ ጊዜ ማስነደፍ ግን ይችላሉ፤ ማድረግ ያለብዎትም ይህንን ነው። ወጥ ቤቱን ወደ ኋላ ለማስረዘም የኋላው ግድግዳ ሰፋ ተደርጎ ይከፈታል፤ በክፍቱም ላይ የብረት ተሸካሚ ይጋደምበታል። በላዩ የሚሠራው አዲስ ወለል ክብደት በዚያው ግድግዳ ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ ያ ብረትና ከሥሩ ያለው መሠረት ያንን ክብደት አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። ሎፍቱን (ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍል) ዛሬ በአንድ መሐንዲስ፣ ወጥ ቤቱን ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ መሐንዲስ ያሠራ ሰው ግን የተቀባና የተለሰነ ግድግዳ እንደገና ሊያስፈርስ ይችላል። አንድ መሐንዲስ ሁለቱንም አስልቶ፣ የሎፍቱ ክብደት በተቻለ መጠን በጎንና በጎን ግድግዳዎች ላይ እንዲያርፍ ካደረገ፣ የኋላውን ሥራ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ያለ ችግር መቀጠል ይቻላል።

ወደ ጣሪያው እንምጣ፤ ገንዘቡ በዋናነት የሚያልቀው እዚያ ነው። አንድ ቅዳሜ በመሰላል ወደ ሎፍቱ ወጥታችሁ በባትሪ ተመልከቱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩ ባንጋሎዎች ጣሪያውን የሚሸከሙት ወፋፍራም ወራጆች ናቸው፤ መሐሉ ባብዛኛው ክፍት ነው። ከ1960ዎቹ ወዲህ በተሠሩት ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በፋብሪካ የተገጣጠመ ቀጫጭን እንጨት ነው። በየ60 ሴንቲ ሜትሩ በ«ደብልዩ» ፊደል ቅርጽ የተደረደረና በየመጋጠሚያው የብረት ሳህን የተመታበት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህ ዓይነቱ ጣሪያ አንዱ እንጨት ሌላውን እየያዘ የቆመ ስለሆነ፣ ከመካከሉ አንዱን መቁረጥ ጠቅላላውን ጣሪያ አደጋ ላይ ይጥላል። ክፍል እንዲወጣው በመጀመሪያ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የብረት ተሸካሚዎች ይገባሉ፤ አዲስ ወለልና አዲስ ድጋፍ ይሠራል፤ መሐሉ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ዓይነት ጣሪያ ጋር ሲነጻጸር የዋጋው ልዩነት ቀላል አይደለም። ኮንትራክተሩ ሎፍቱን ከፍቶ ሳያይ የሰጣችሁን ዋጋ የማላምነውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚያው ሳላችሁ በሜትር አንድ ነገር ለኩ። ከኮርኒሱ እንጨት የላይኛው ጠርዝ እስከ ጣሪያው ጫፍ ድረስ ስንት ነው? በሙያው ብዙውን ጊዜ መነሻ የሚደረገው 2.2 ሜትር ነው። አዲሱ የወለል እንጨት ከነባሩ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከታች፣ የሙቀት መከላከያውና ጅብሰሙ ደግሞ ከላይ ይወስዱበታል። ስለዚህ ዛሬ 2.4 ሜትር የሆነ ከፍታ ሥራው ሲያልቅ ወደ 2.1 ሜትር ቢወርድ አያስገርምም። የ1960ዎቹ ጣሪያዎች ዘቅዛቃነታቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙዎቹ ይህን መለኪያ አያሟሉም። ልኩ ካነሰ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ መደበኛ የፕላን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ወጪውም እርስዎ ካሰቡት ጋር የማይገናኝ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ሜትርና ግማሽ ሰዓት ስለሚበቃ ማንንም ከመቅጠርዎ በፊት ይለኩት።

ቀጥሎ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር መሠረቱ ነው። የባንጋሎው መሠረት የተቆፈረው አንድ ወለል ለመሸከም ነው። በለንደንና በኤሴክስ ብዙ ቦታ የሚገኘው ሸክላማ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ትልቅ ዛፍ አጠገቡ ካለ ደግሞ እንቅስቃሴው ይበረታል። መሐንዲሱ በግድግዳው ሥር አንድ ሁለት ቦታ አስቆፍሮ የመሠረቱን ጥልቀት ካላየ፣ የሚሰጣችሁ ስሌት ግምት ነው። ለቁፋሮውና ለምርመራው የምትከፍሉት ገንዘብ በጀታችሁን ከምንም በላይ የሚጠብቅላችሁ ነው። በዚሁ ወቅት አስቤስቶስንም ማስመርመር ተገቢ ነው። አስቤስቶስ በብሪታንያ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1999 ስለሆነ፣ በእናንተ ዘመን በተሠሩ ቤቶች የጣሪያ ከንፈርና በሸካራ ኮርኒስ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የሌሊት ወፍ በሎፍቱ ውስጥ ካለም በሕግ የተጠበቀ ነውና ሥራው ሊቆም ይችላል። ይህም ከመፈረም በፊት መታወቅ አለበት።

ብዙ ቤተሰቦች የሚዘነጉት መወጣጫ ደረጃውን ነው። ባንጋሎው ደረጃ ስለሌለው፣ ቦታው ከምድር ቤቱ መቆረስ አለበት። የእንግሊዝ የግንባታ ደንብ የመኖሪያ ቤት ደረጃ ከ42 ዲግሪ በላይ እንዳይቆም፣ የእያንዳንዱ እርከን ከፍታም ከ22 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል። ከወለል እስከ ወለል 2.6 ሜትር ለመውጣት ወደ 13 እርከን ያስፈልጋል፤ ይህም ከላይና ከታች ካለው ማረፊያ ሌላ 2.7 ሜትር ገደማ ርዝመት ይይዛል። ከራስ በላይ የሚኖረው ከፍታ 2 ሜትር መሆን ሲገባው ለሎፍት ብቻ በመካከሉ 1.9 ሜትር እንዲሆን ይፈቀዳል። ስለዚህ ደረጃው የሚያርፈው ጣሪያው ከፍ በሚልበት በቤቱ መካከል ነው፤ እዚያ ደግሞ ኮሪደሩ ወይም ትንሹ መኝታ ቤት አለ። ሁለት ክፍል ለማግኘት አንድ ክፍል የሚያጣ ንድፍ ከቀረበልዎ ትርፉ አንድ ክፍል ብቻ ነውና 71,250 ፓውንዱን ለዚያ ያወጡ እንደሆነ ደግመው ይጠይቁ። የእናትዎ ክፍልና አንድ መታጠቢያ ቤት ግን በማንኛውም ንድፍ ምድር ላይ መቅረት አለባቸው። ለአረጋዊት እናት የባንጋሎው ዋናው ጥቅም ደረጃ አለመኖሩ ስለሆነ፣ ይህን ለአርክቴክቱ ገና በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት።

ስለ ፈቃድ ባጭሩ፦ በእንግሊዝ ለብቻው የቆመ ቤት የቤቱን የመጀመሪያ ጣሪያ ይዘት እስከ 50 ሜትር ኩብ ያለ ፕላን ፈቃድ መጨመር፣ ከኋላም ባለ አንድ ወለል ማስፋፊያ እስከ 4 ሜትር ማውጣት ይችላል። ይህ ግን ከነባሩ ጣሪያ ከፍታ አለመብለጥን፣ በመንገድ በኩል ባለው ጣሪያ ላይ ጎልቶ የወጣ መስኮት አለመሥራትንና ሌሎች ሁኔታዎችን ማሟላትን ይጠይቃል። በተጠበቁ አካባቢዎች ደግሞ የጣሪያው መብት አይሠራም። ሁኔታዎቹ ከተሟሉም ከካውንስሉ (ከአካባቢው አስተዳደር) የሕጋዊነት ማረጋገጫ ይውሰዱ፤ ቤቱን የሚሸጡበት ቀን ከመጣ የገዢው ጠበቃ ይጠይቅዎታል። የፕላን ፈቃድ አያስፈልግም ማለት የሕንፃ ቁጥጥር አያስፈልግም ማለት አይደለም። የወለሉ ጥንካሬ፣ ከእሳት ማምለጫው መስኮት፣ በመብራት ኃይል የሚሠሩና አንዱ ሲጮህ ሁሉም የሚጮሁ የጭስ መጠቆሚያዎች ሁሉ ይመረመራሉ። ለማስፋፊያው ከጎረቤትዎ ሕንፃ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ከእነርሱ መሠረት በታች ከተቆፈረ፣ የ1996ቱ የጋራ ግድግዳ ሕግ የአንድ ወር ማስታወቂያ እንዲሰጧቸው ያስገድድዎታል። ካልተስማሙ የሚመደበውን ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። በቅድሚያ ቡና አፍልተው ቢያነጋግሯቸው ይሻላል።

አሁን ስለ እቁቡ። 25,000 ፓውንዱን በበጀቱ ውስጥ የምታስገቡት ዕጣው ሲወጣላችሁ ነው። ዕጣችሁ በመጨረሻዎቹ ወራት ከሆነ ኮንትራክተሩ አይጠብቃችሁም፤ ጣሪያው ተከፍቶ ክፍያ ከዘገየ ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ፣ ስካፎልዲንጉ (የሥራ መወጣጫው) ግን በየሳምንቱ ኪራይ ይቆጥራል። የእቁቡን ዳኛ ተራችሁን አስቀድሞ እንዲወስንላችሁ ወይም ከሌላ አባል ጋር እንዲያቀያይራችሁ መለመን ነውር የለውም፤ እቁብ የተመሠረተውም ለእንዲህ ዓይነቱ ቁም ነገር ነው። ቀድሞ ከደረሳችሁም የቀረው መዋጮ ዕዳ መሆኑን አትርሱ። ባንኩ ሞርጌጁን ለመጨመር ወርሃዊ ወጪያችሁን ከሂሳብ መግለጫችሁ ላይ ስለሚያይ፣ መዋጮውን ምን እንደሆነ የሚያስረዳ የጽሑፍ ማስረጃ ከዳኛው ያዙ። የሚያበድራችሁን ባንክና የቤቱን መድን ድርጅት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማሳወቅም ግዴታ ነው። ጣሪያው ክፍት ሆኖ ዝናብ ቢገባ፣ ያልተነገረው መድን አልከፍልም ሊል ይችላል።

ለኮንትራክተሩ በደረጃ ብቻ ይክፈሉ። ብረቱ ገብቶ ወለሉ ሲያልቅ፣ ጣሪያው ተዘግቶ ዝናብ የማያስገባ ሲሆን፣ ቧንቧና መብራቱ ሲዘረጋ፣ ልስኑ ሲያልቅ፤ እያንዳንዱ ደረጃ በውሉ ላይ ይጻፍ። ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህሉ የሕንፃ ቁጥጥር የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት እጅዎ እስኪገባ ድረስ ይያዝ። የወጥ ቤቱን ዕቃ ራስዎ በክሬዲት ካርድ ቢገዙ፣ ዋጋቸው ከ100 እስከ 30,000 ፓውንድ የሆኑ ዕቃዎች በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት በካርድ ሰጪው ጭምር ዋስትና አላቸው። አንድ ሰው ይህን የሚያህል ሥራ «ያለ ቫት በጥሬ ገንዘብ እሠራዋለሁ» ቢልዎ ግን አይቀበሉ። ከ2024 ሚያዝያ ጀምሮ የቫት ምዝገባ መነሻ 90,000 ፓውንድ ዓመታዊ ገቢ ነው፤ የ118,000 ፓውንዱ ሥራ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። ያለ ደረሰኝ የከፈሉት ገንዘብ ሥራው ሲበላሽ ማስረጃ የለውም።

ከሁለቱ የትኛው ይቅደም ካሉኝ፣ ሎፍቱ ይቅደም እላለሁ። ወንድ ልጅዎ ሳሎን ማደሩ ከወጥ ቤቱ ጥበት ይልቅ የሚያስቸኩል ነው፤ የኋላው ማስፋፊያም በኋላ ሲሠራ የተጠናቀቀውን ሎፍት ብዙም አይነካውም። የጣሪያው ልክ ከ2.2 ሜትር ካነሰ ወይም መሠረቱ ደካማ ሆኖ ከተገኘ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ያኔ ሎፍቱን ትታችሁ ገንዘቡን በሙሉ ወደ ኋላ በማስፋት ላይ ማዋልና መኝታ ቤቱን ምድር ላይ መጨመር ይሻላችኋል። በቅርቡ የሚወጣው ገንዘብ ለመሐንዲሱ ምርመራና ለአንድ የተጣመረ ንድፍ ብቻ ይሁን። በዚያ ንድፍ ላይ ከሦስት ኮንትራክተሮች እያንዳንዱን ሥራ ለይቶ የሚዘረዝር ዋጋ ይጠይቁ፤ ሎፍቱና ማስፋፊያው በተለያየ ገጽ ይቅረቡ።

ጥያቄ፦ ሊድስ ውስጥ ከሦስት ዓመት በላይ ማንም ያልኖረበት ባንጋሎው ልንገዛ ነው። ጣሪያውን ወደ ክፍል መለወጥና ከጎን ማስፋት እንፈልጋለን። ባዶ ቤት ከሆነ ቫቱ ይቀንሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? (አቶ መ.፣ ከሊድስ)

መልስ፦ አቶ መ.፣ እውነት ነው፤ ለበጀትዎም ትልቅ ነገር ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባለው ሁለት ዓመት ማንም ያልኖረበት መኖሪያ ቤት ሲታደስ፣ ሲለወጥ ወይም ሲሰፋ፣ በቫት የተመዘገበ ኮንትራክተር በ20 በመቶ ፈንታ 5 በመቶ ማስከፈል ይችላል። በ80,000 ፓውንድ ሥራ ላይ ልዩነቱ 12,000 ፓውንድ ነው። ቤቱን ገዝተው ወዲያው ቢገቡበትም፣ ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ዓመት ባዶ ሆኖ ከቆየ፣ በዚያ ጊዜ እድሳት ካልተደረገለትና ሥራው በገዙ በአንድ ዓመት ውስጥ ከተሠራ መብቱ ሊጠበቅልዎ ይችላል።

ሁለት ነገር ግን አስቀድመው ያድርጉ። አንደኛ፣ ቤቱ ባዶ እንደነበረ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከካውንስሉ የባዶ ቤቶች ኃላፊ ይጠይቁና ለኮንትራክተሩ ዋጋ ከማቅረቡ በፊት ይስጡት። ሁለተኛ፣ ቅናሹ የሚሠራው ኮንትራክተሩ ከሥራው ጋር አብሮ ባቀረበው ቁሳቁስ ላይ ነው። እርስዎ ከመደብር ሄደው በገዙት እንጨትና ሲሚንቶ ላይ 20 በመቶው እንዳለ ነው። የአርክቴክትና የመሐንዲስ ክፍያ፣ ምንጣፍና አብዛኛው ተገጣጣሚ የመኝታ ቤት ዕቃም በሙሉ ቫት ይቆጠራል። ኮንትራክተሩ በስህተት 20 በመቶ ካስከፈለዎ ገንዘቡን እንዲመልስልዎ መጠየቅ ያለብዎት እርሱን ነው፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ ለእርስዎ በቀጥታ አይመልስም። ስለዚህ 5 በመቶው በውሉ ላይ በግልጽ እስኪጻፍ ድረስ አይፈርሙ።